አባባ «ድምቡሼ» ሲል

ደግሞ እንደገና፣ ይኸው ቀረጻው ውስጥ ፍሪጁ መጣ፣ አባባ አፉን ዘጋ ሲያደርግ እዝዝዝ ብሎ ይገባል፣ አባባ ሲናገር ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ አባባ ዝም፣ ፍሪጁ እዝዝዝ፣ ሰውዬው ወናፍ አቅፎ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ታጫውተዋለች። የአባቷ ድምፅ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ይቆማል፣ ያ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ከሞተር ጋር እየተጯጯኸ የሻከረ ድምፅ፣ ወሬው ያቺ ቦታ ላይ ይደርሳል፣ ያኔ ድምቡሼ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ሲል የድምፅ መጫኛው የኮምፕሬሰሩ መርፌ ዘጭ ይላል፣ ከዚያ ፍሪጁ።

ድምቡሼ ታናሽ እህቷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ሴት፣ ለአባባ ግን ዛሬም ድምቡሼ ናት፣ እሷስ? እሷ ትልቋ ናት። ትልቋ፣ በቃ፣ ትልቁን አምጪ ትንሹን አስቀምጪ እንደሚባል ድስት።

ነገ ጠዋት የአባባን ማንቁርት ያወጡታል። ሐኪሙ አልሸፋፈነም፣ ዕጢው እዚያ ነው ያለው፣ ሕይወቱ ይተርፋል ድምፁ አይተርፍም፣ አለ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን እየገጠመ። ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ማይክራፎን ይዛ እቤት የተመላለሰችው፣ ሳሎን አስቀመጠችው፣ አባባ ያሳለፍከውን አውራልን አለችው፣ አወራ፣ የሚቀረው ይሄ አርባ ደቂቃ ነው፣ ሌላ የለም፣ ይሄን ካበላሸችው አባባን ያበላሸችው እሷ ናት። ድምቡሼ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ትገባለች። ከመናኸሪያ በቀጥታ ስቱዲዮ እመጣለሁ፣ ሆስፒታል ሳንሄድ መስማት አለብኝ፣ ብላለች። አለብኝ! እንደ ተቆጣጣሪ።

ቅድም ማስታወቂያ አንባቢው በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ ምነው ሰውዬው ያለከልካል፣ ማነው የሠራው፣ አለ። እኔ ነኝ ስትለው ሳቀ፣ የምትቀልድ መሰለው፣ እውነቱን ነው፣ ድምፅ ቀረጻ ለምታስተምራቸው ተለማማጆች ስንት ቀን ስለዚህ ነገር የጮኸች እሷ አይደለች? ኮምፕሬሰር የጮኸውን ጫን የሚያደርግ ዕቃ ነው፣ አታክ የምትሉት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚይዘው ነው፣ ሪሊዝ የምትሉት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለቀው ነው፣ ቶሎ ይዛችሁ ቶሎ ከለቀቃችሁት ድምፁ በተጫነ ቁጥር የክፍሉ ጫጫታ አብሮ ይሰምጣል፣ ድምፁ ሲያበቃ ጫጫታው ተወርውሮ ይመጣል፣ አድማጭ ያጥወለውለዋል። እንዲህ ስትል ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለምን እንደሚያለከልክ ታውቃለች። ትናንት አታኩን ወደ አንድ ያወረደችው ማነው፣ የሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ዐይን ሳይርገበገብ፣ ሪሊዙን አርባ ላይ፣ አጫጫኑን ደግሞ አንድ ለአሥር፣ ለሽማግሌ ወሬ! ከበሮ ነው እንዴ የምትቀርጸው? እኩል ላድርገው ብዬ ነው ትላለች፣ ድምቡሼ የሚላት ላይ በጣም ይጮሃል፣ ላስተካክለው ብዬ ነው። ማን ያምናታል። ዘጠኝ ጊዜ ነው የጠራት፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ድምፁ ወጣት ይሆናል፣ እና ትናንት ቁልፉን ስታዞር ድም የምትለዋ ገና ከከንፈሩ ሳትወጣ አንቆ እንዲይዝላት ነበር የፈለገችው፣ ያዘላት፣ የእህቷ ስም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ድምፅ ታፍኖ ወጣ፣ እና ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት።

አሥራ አንድ ጊዜ ነው ሐኪም ቤት የወሰደችው፣ መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ጉሮሮው ሲዘጋበት ምግቡን የምትፈጭለት እሷ፣ ትራሱን የምታገላብጠው እሷ፣ ድምቡሼ እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ አባባ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ድምቡሼ! ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ የታመመውን ጉሮሮ ከየት አምጥቶ ነው እንደዚያ የሚያጮኸው። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል አሉ።

የጋቢናዋስ ነገር። ትምህርት በተዘጋ ሰሞን አንዳችሁን እወስዳለሁ ብሎ ድምቡሼን ወሰደ፣ ትንሿ ታለቅሳለች፣ ትልቋ እናቷን ታግዝ፣ አለ፣ አገዘች፣ ሽንኩርት ከተፈች። ሲመለሱ ገና ከመታጠፊያው ሳሉ ክላክሱ ሦስት ጊዜ ተሰማ፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፣ የአባባ አነፋፍ አልነበረም፣ የልጅ እጅ ነበር፣ ሰማች፣ ከጓዳ ሆና በአነፋፉ ብቻ አወቀች። ጆሮሽ ጥሩ ነው ይሏታል ሰዎች። እንዴት አይሆን።

በቃ። ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነው።

አታኩን ታነሳለች፣ አምስት፣ አሥር፣ ገና ታንቋል፣ ሃያ፣ ሠላሳ ላይ ድም የምትለዋ አመለጠች፣ ጥርት ብላ ወጣች፣ ከኋላዋ ነው ያዝ ያደረጋት። ያማል። ሪሊዙን ትገፋለች፣ መቶ ሃያ፣ ፍሪጁ አሁንም ይመጣል፣ አራት መቶ፣ አሁን ደግሞ ተከትለው የሚመጡት ቃላት ሰመጡ፣ በዛ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ እዚህ ጋ ፍሪጁ በቦታው ተቀመጠ። አጫጫኑን አንድ ለሦስት። ዐይኗን ትጨፍናለች፣ ከመጀመሪያው ታጫውታለች፣ ድምቡሼ፣ ሙሉውን፣ ከነሳቁ፣ ከነመንሰፍሰፉ፣ ዘጠኙንም ጊዜ ሳትነካው ታሳልፈዋለች፣ እጇን ከቁልፉ ላይ ታነሳለች።

በሩ ይንኳኳል። ድምቡሼ ናት፣ ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ ታቅፋታለች፣ መንገድ መንገድ ትሸታለች፣ እንዴት አደረ? ትላለች፣ ደህና ነው፣ ተቀመጪ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ታደርግላታለች። ድምቡሼ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መሃል ላይ አፏን ትይዛለች፣ አርባ ደቂቃውን ሙሉ፣ ትልቋ የእህቷን ፊት እያየች ስሟ የሚጠራበትን ቦታ ሁሉ ያለ ድምፅ ታውቀዋለች።

ሲያልቅ ድምቡሼ ማዳመጫውን አውልቃ፣ አንቺስ? አለቻት። እኔ ምን? አንቺን የጠራበት የለም እንዴ?

የለም፣ ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ቆይ፣ ቆይ እስቲ፣ ቆርጣ የጣለቻቸው አሉ፣ የማይረባ ብላ ለብቻ ያከማቸቻቸው ቁርጥራጮች፣ ታሪክ አይደሉም እኮ፣ ውሃ አምጪ ነው፣ መስኮት ዝጊ ነው፣ አሁን በእህቷ ፊት ስታስበው ግን ሁሉም በአንድ ቃል ነው የሚጀምሩት፣ ራሷ ቆርጣ ራሷ አልሰማቻቸውም፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አሰሚኛ፣ ትላለች ድምቡሼ።

በስፒከር ታጫውታለች። ትልቋ፣ ውሃ። ትልቋ፣ መስኮቱን። ትልቋ፣ ይሄ ነገር በርቷል እንዴ? ትልቋ፣ ደክሞሻል እኮ፣ ዐይንሽ ቀልቷል፣ ይብቃን፣ ነገ እንቀጥላለን፣ የት እሄድብሻለሁ። ዝግ ያለ፣ ለአጠገቡ ሰው ብቻ የሚበቃ ድምፅ።

ድምቡሼ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እኔን እንዲህ አናግሮኝ አያውቅም፣ አለች፣ እኔን ሁሌ እየጮኸ ነው፣ ማዶ እንዳለ ሰው። ቀና ስትል ዐይኗ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ትልቋ በደንብ ታውቀዋለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ መስታወት ውስጥ ስታየው የኖረችው ነው።

ይሄንንም ትልኪልኛለሽ አይደል?

ልክላት፣ ምን ይጎድልብኛል፣ እህቴ ናት፣ አባቷ ነው፣ ነገ ለሁለታችንም ዝም ሊል ነው፣ ስስት ነው፣ ነውር ነው።

አይሆንም፣ አለች። አርባ ደቂቃውን ውሰጂ። ይሄ የኔ ነው።