የመቶ አለቃው መስቀል

"ማነው ይሄን የነካው?"

ኒኮሎ የብረት መስቀሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሲጮኽ ዓይናለም የውሃ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ነበር። ምስጋና የሚጠብቃት መስሏት ፈጥና መለሰች።

"እኔ ነኝ። ቆሽሾ ስላየሁት ወለወልኩት።"

ማንም አላመሰገናትም። ሲኞር ፒዬሮ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ወደፊት አዘነበሉ። ልጃቸው ሲልቪያ ደግሞ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ዓይናለምን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት። ሲልቪያ አባቷ ቤት የምትመጣው ጥፋት ለመፈለግ ነው፤ ዛሬ ሳትፈልገው መጣላት።

ሲኞር ፒዬሮ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀሯቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሲልቪያና መቶ አለቃ ዲትማር። አብልጠው የሚወዱት መቶ አለቃውን ነው፤ ሲልቪያም ይህን ታውቃለች። መቶ አለቃው ከሞተ ግን ቆይቷል። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ሮምን ሲይዙ፣ ከከተማው ውጭ ኮረብታ ላይ በነበረው የወላጆቻቸው ቤት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ያረፈ መኮንን ነበር። ያኔ ሕፃኑን ፒዬሮን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቸኮላታ አጉርሷቸዋል። በዚያው የቸኮላታ ወር የመንደሩን ወንዶች በጭነት መኪና ጭኖ የወሰደው ማን እንደሆነ ሲኞር ፒዬሮ አይጠይቁም፤ የሚጠይቃቸውንም ሰው ደግመው ቤታቸው አያስገቡም። በዚህ ምክንያት ከሕንፃው ነዋሪዎች ግማሹ ሊፍት ውስጥ ሲያገኛቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የዚያን ሰው ኒሻን፣ ፎቶግራፍና ወረቀት መልቀም ሥራቸው ሆነ። የሚያፈላልግላቸው ኒኮሎ ነው። አሮጌ የጦር ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሲኞር ፒዬሮ የሚፈልጉትን ነገር ስሙን በጠሩለት በወሩ ይዞ ብቅ ይላል። የወታደር መታወቂያው ከአንድ መበለት ተገኘ፤ የቁስለኛው ሜዳሊያ ከአንድ ቄስ ተገኘ። እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ሙት መቼም ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ባለው የመስታወት ሣጥን ተደርድሯል፤ መካከሉ ላይ የጀርመን ጦር የጀግንነት ኒሻን የሆነው የብረት መስቀሉ አለ። ዛሬ ደግሞ ኒኮሎ ያ መስቀል የተሸለመበትን የምስክር ወረቀት ይዞ መጥቷል። ወረቀቱና መስቀሉ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ነው። ሲኞር ፒዬሮ ለዚህች ቀን ብለው ከረባት አስረዋል፤ ያሰረችላቸው ዓይናለም ናት።

ዓይናለም የፎቶግራፉን ሰውዬ አትወደውም። አቧራውን በየቀኑ ታነሳለታለች እንጂ ዓይኑን አታየውም። መስቀል ግን ለእሷ መስቀል ነው፤ ማንም አንገት ላይ ይዋል፣ ጠቁሮ እንግዳ ፊት አይቀርብም። እናቷ ደብረ ሲና ውስጥ፣ በዓል ሲቃረብ የብር መስቀላቸውን በሎሚና በአመድ ያሹት ነበር። ሮም አመድ የለም፤ ቢካርቦናቶ የሚሉት ሶዳ አለ። ዛሬ ጠዋት ሲኞር ፒዬሮ ሳይነሱ ሣጥኑን ከፍታ አንዱን ክንፍ ማሸት ጀመረች። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ከዚያ ብሩም ለቀቀና ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ወርቅ መስሏት ልቧ በደስታ ዘለለ። ሦስቱን ክንፎች ሳትነካ ሲኞሩ ተጣሩ፤ እሷም መስቀሉን ቦታው መልሳ ሮጠች።

"በምን ወለወልሽው?" አለ ኒኮሎ።

"በሎሚና በቢካርቦናቶ።"

"በሎሚ! እመቤቴ፣ የዚህ ዕቃ ዋጋው እኮ ጥቁረቱ ነው! ሰማንያ ዓመት የጠቆረውን..."

እየጮኸ መስቀሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደና ድንገት ዝም አለ። ጣቱን በቢጫው ክንፍ ላይ አሳለፈ። ነጋዴ ሲጮኽ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ዝም ሲል ግን ሒሳብ እየሠራ ነው። ዘወር ሲል ፊቱ ላይ ቁጣው ጠፍቶ ሐዘን ተተክቶበታል።

"ሲኞር ፒዬሮ፣ ይሄ እኔ የሸጥኩልዎት መስቀል አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"የእኔ ጠርዙ ንጹሕ ብር ነበር። ይሄ ናስ ነው፤ ብር መሳይ ቀለም ተቀብቶ ለቱሪስት የሚሸጥ። አንድ ሰው ቀይሮብዎታል።"

አንድ ሰው ሲል የሚያየው ዓይናለምን ነበር።

"የሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለች ሲልቪያ።

"እኔ ጋ ነው። አቧራ እንዳነሳ ሲኞር ናቸው የሰጡኝ።"

"አየህ ፓፓ? ስንት ጊዜ ነገርኩህ!"

ሲልቪያ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለማድረግ ፈቃድ አልጠየቀችም። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው የዓይናለም ጠባብ ክፍል ገብታ ሻንጣውን አልጋው ላይ ገለበጠችው። ነጠላዋን አራገፈች፤ የውስጥ ልብሶቿን በጣቷ ጫፍ አነሳች፤ ፍራሹን ቀና አድርጋ ሥሩን አየች። ዓይናለም በሩን ተደግፋ ታያታለች። ሲልቪያ ከፈለገችው ሁሉ አንድም አላገኘችም፤ ያልፈለገችውን አንድ የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ደረሰኝ ግን አነሳች።

"ሪቼቩታ ነው ይሄ? ፔርሜሶሽ እየታደሰ ነው?"

"አዎ።"

"የሚታደሰውም አባቴ በፈረመልሽ ኮንትራቶ ነው፤ አይደለም?" ወረቀቱን አልጋው ላይ ጣለችው። "እንግዲህ አስቢበት።"

ወጥታ ኒኮሎን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው፤ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ያዙ። ዓይናለም የሲኞሩ የመድኃኒት ሰዓት መድረሱን አየች። በዚህ ቀን እንኳ እጇ ልማዱን አልተወም፤ ክኒኑንና ውሃውን ይዛ ወደ ሳሎን ገባች።

ሲኞር ፒዬሮ ብቻቸውን ናቸው። መስቀሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እሷ ካልነካቻቸው ክንፎች አንዱን በደብዳቤ መክፈቻ ቢላ ጫፍ ይፋቁ ነበር። ጥቁሩ ተነሳ፤ ከሥሩ ያው ቢጫ ወጣ። ቀና ሲሉ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የተፋቀው ጥቁረት ሲኞሩ በየቀኑ የሚያዩት ያው ነው፤ መስቀሉን የሚቀይር ሌባ ያንኑ ጥቁረት ናስ ላይ መልሶ ሊቀባ አይችልም፤ መስቀሉ ኒኮሎ ካመጣው ጀምሮ ይኸው ነበር። ሁለቱም ገባቸው።

"ሲኞር፣ አዩት አይደል?"

መዳፋቸውን በመስቀሉ ላይ ጨበጡ። "ምንም አላየሁም።"

"አሁን ፋቁት እኮ! እኔም አየሁ!"

"ቀስ በይ፤ በሩን ዝጊው።" ክኒኑን ተቀብለው ዋጡ። "ስሚኝ። ወሰድኩት በይ። ወስጄ ሸጥኩት በይ። አላባርርሽም። ኮንትራቶሽን አጸናለሁ፤ ፔርሜሶሽም ይታደሳል። ሲልቪያ ትጮኻለች፣ ትጮኽና ይወጣላታል።"

"ያላደረግሁትን? ለምን ብዬ?"

ሽማግሌው በጣም ቀላል ነገር እንደሚያስረዱ ሁሉ ተናገሩ።

"አንቺ ከሸጥሽው፣ እውነተኛው አንድ ቦታ አለ ማለት ነዋ።"

ዓይናለም ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብላ ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ የውሃውን ቧንቧ ከፈተች፤ ድምፁ የእሷን ድምፅ እንዲሸፍንላት። ከዚያ ለየሻረግ ደወለች። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካፌ ውስጥ ሳህን የምታጥበው የሻረግ ሮም ውስጥ ያለቻት አንድ ጓደኛ ናት።

"ፕሮንቶ! ዓይንዬ፣ ምነው ድምፅሽ?"

"ሌባ አሉኝ።"

ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። የሻረግ ሳታቋርጥ አዳመጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእሷም አዲስ አይደለም።

"ሽማግሌው አውቀው ነው እንዲህ የሚሉሽ?"

"አውቀው ነው። በዓይኔ አየሁ።"

"አሎራ፣ እኔን ስሚኝ። እሺ በያቸው። ፔርሜሶሽ እጅሽ እስኪገባ አንገትሽን ድፊ። ኮንትራቶው ከተቀደደ ተመልሰሽ ሰላም ፓላስ ከስደተኛው ጋር መታጨቅ ነው። በካርቶን ተከልለሽ የተኛሽበትን ክፍል ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ግን እኮ አልወሰድኩም!"

"መች ወሰድሽ አልኩሽ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ዳዋ ደግሞ ተከራክሮ አያውቅም።"

"ሌባ ሆኜ ልኑር?"

"እኔ ኑሪ ነው ያልኩሽ።" የሻረግ ድምፅ ለሰለሰ። "ደግሞ ካራቢኒየሪ ከጠሩ፣ ፖሊስ ቀድሞ የሚያየው አንቺን ነው። ለልጅሽ ስትይ ዋጥ አድርጊው። ቫ ቤኔ?"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለችና ዘጋችው።

ልጇ ፍቅር አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ነው። ፔርሜሶው ሲታደስ ወደ ሮም ልታመጣው ነው፤ እስካሁን የታገሠችው ስድብ ሁሉ በዚህ የተነሳ ነው። ዓይናለም ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። የሻረግ እውነቷን ነው። ብዙ ነገር ውጣለች፤ አንድ ቢጨመር ምን አለበት? ግን አንድ ቀን ልጇ ሲመጣ ምን እንደምትነግረው አሰበች። እናትህ ሮም የከረመችው ሌባ ናት ተብላ ነው ትለዋለች? ባትነግረውስ፣ ሲልቪያ አትነግረውም? ፊቷን በፎጣ አብሳ፣ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ኒኮሎ ሶፋው ላይ ተደላድሏል። ሲልቪያ ቆማለች።

"እህ?" አለች ሲልቪያ። "ታምኛለሽ ወይስ ካራቢኒየሪ ልጥራ?"

"ካራቢኒየሪ ምን ያደርጋል?" አለ ኒኮሎ ፈጠን ብሎ። "ድሃ ሴት ናት፤ ለምን እናስራታለን? በመካከላችን ይቅር። እኔ መስቀሉን አፈላልጌ አገኘዋለሁ።"

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ይሄኛው ሌባ ግን ሌባ ላላት ሴት ሲራራ ያምርበታል። ዓይናለም ሲኞር ፒዬሮን ተመለከተቻቸው። በላብ ሲጠመቁ ልብሳቸውን የምትቀይርላቸው፣ ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው፣ የሚስታቸውን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ እጃቸውን የምትይዝላቸው እሷ ናት። አንድ ቃል ጠበቀች።

"መጥራት አያስፈልግም" አሉ ሲኞር ፒዬሮ ሳያዩዋት። "ለእኔ አምናልኛለች። ሸጥኩት ብላኛለች።"

ዓይናለም መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ነደደች። በእሷ አፍ እንዲነገር የፈለጉትን እሷን ሳይጠብቁ አሉት። እሺ ለማለት ያዘጋጀችው ቃል ምላሷ ላይ ነበረ፤ ቢጠብቋት ልትሰጣቸው ነበር። አሁን ሐሳቧን ቀየረች። ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ቁጥሮቹን ነካካች።

"ማን ጋ ነው የምትደውይው?" አለች ሲልቪያ።

"ካራቢኒየሪ ጋ። አንቺ ስትዘገዪ ጊዜ።"

ኒኮሎ ሶፋው ላይ የተደላደለው ለካ እስከዚህች ደቂቃ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተና ኮቱን ፈለገ።

"ሌላ ቀጠሮ አለብኝ፣ ሲኞር። ሌላ ቀን እንነጋገራለን።"

"የት ነው የምትሄደው?" ሲልቪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። "ኒኮሎ! ምስክሩ አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ዝጊው፣ ዓይናለም" አሉ ሽማግሌው። መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "እለምንሻለሁ። መጥተው ከወሰዱት ምን ይቀረኛል?"

አሳዘኗት። ማዘኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ከወንበራቸው ሊንሸራተት የነበረውን ትራስ በሁለት እጇ ከወገባቸው ሥር አስተካከለችላቸው። ስልኩ ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ።

"አሎራ፣ ዓይናለም እባላለሁ። የምሠራበት ቤት ውስጥ ሌባ ተብያለሁ። መጥታችሁ ፈትሹኝ። ስትመጡ ግን የጦር ኒሻን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ።"

ሰውየው አድራሻውን ጠየቃት። ኒኮሎ ኮቱን በአንድ እጁ አጥልቆ ወደ መውጫው እየተጣደፈ ነው። ዓይናለም ቀደመችው፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመችና የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ቀስ ብላ ተናገረች።