በቡና ማድረቂያ ላይ የተጻፈው ምዕራፍ

በጥቅምት መጀመሪያ የሳሮን ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር። ቀን ቀን ዲላ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ካርታ በኮምፒውተር ታርማለች፤ ማታ ማታ ቤቷ ልቦለድ ትጽፋለች። ሁለቱም ሥራ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ጠዋት ባጃጅ ያደርሳታል፣ ማታም ባጃጅ ይመልሳታል። ካልሲዋን ስታወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቦይ ተቆፍሮ ይቀራል። ቀኝ እግሯ ከዳሌዋ እስከ ተረከዟ ይደነዝዛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናን ለዝማሬ ሲነሡ አብራ ትነሣና አዝማቹ ሁለተኛ ሳይደርስ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን በብርሃን ካየ በኋላ፣ «አጥንትሽ ደህና ነው፤ ሥራ የፈታው የጀርባሽና የእግርሽ ጡንቻ ነው። ተነሺ፣ ተራመጂ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ፣ ደግሞ ተነሺ» አላት። ሳሮን የጠበቀችው መድኃኒት ነበር። ስትመለስ ለወንበሯ ወፍራም ትራስ ገዛች።

ነገሩ ሕመም ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። እሷ ያለችበት የደራስያን ማኅበር ግን አንድ የቆየ ሕግ አለው። አባል የሆነ ሰው መጽሐፉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት የመጨረሻውን ምዕራፍ በየካቲት ጉባኤ ላይ ቆሞ ያነባል። መሐል ላይ ከተቀመጠ ቀሪውን ሌላ አባል ተረክቦ ይጨርስለታል። ሳሮን አምና አሥራ አንድ ደቂቃ አንብባ እግሯ ከዳት። ወረቀቱን የተረከቧት ጋሼ ገብረኪዳን ናቸው። ጋሼ ገብረኪዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ችግሩ ሁሉንም ነገር እንደ ዜና ማንበባቸው ነው። እናትየው የልጇን መሞት የምትሰማበትን ገጽ የቡና ዋጋ እንደሚያሳውቅ ሰው አነበቡት። ሰዉ ዝም ማለት በሚገባው ቦታ ሳቀ። ሳሮን ረቂቁን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ወደ ማተሚያ ቤትም አልላከችውም። ምዕራፉን ዓመቱን ሙሉ እንደገና ስትጽፍ ቆይታለች። ዘንድሮ የእናትየውን ቃል በራሷ አፍ መጨረስ ትፈልጋለች።

ጋሼ ገብረኪዳን ሻይ ቤት አገኟት።

«ሳሮንዬ፣ ድምፄን እያሟሸሁልሽ ነው።»

«አይቸገሩ ጋሼ፣ ራሴ አነበዋለሁ።»

«እሱንማ አምናም ብለሽ ነበር። ለማንኛውም ወንበር አስቀምጥልሻለሁ፤ ባለ መደገፊያውን።»

ምዕራፉ የሚያልቀው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሳሮን ያላየችውን ነገር መጻፍ አትወድም። ስለዚህ በኅዳር አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሯን ይዛ ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው ዱመርሶ ሄደች። እዚያ አንድ ጣቢያ ውስጥ ቡና የምታስደርቀው ሩቂያ ናት። እሷና ሳሮን በአንድ ክፍል የተማሩ፣ ከዚያ ወዲህም ያልተለያዩ ጓደኛሞች ናቸው።

«የምቀመጥበት ስጪኝ» አለች ሳሮን ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«እዚህ ግቢ ወንበር ያለው ጥበቃው ብቻ ነው። እሱም ስለሚተኛበት አይሰጥሽም።»

ግቢው እስከ አጥሩ በማድረቂያ አልጋዎች ተሞልቷል። ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከሽቦ ወንፊት የተሠሩ፣ ቁመታቸው የሰው ወገብ የሚደርስ ረጃጅም መደቦች ናቸው። ታጥቦ ገለባው ያልተነሣለት ቡና ላያቸው ላይ ተሰጥቷል። ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። ፊሽካ ሲነፋ ቡናውን በእጃቸው ያገላብጡና ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳሉ። ሳሮን ጥግ ላይ ባለ ባዶ አልጋ ላይ ኮምፒውተሯን አስቀምጣ ቆማ መጻፍ ጀመረች። ፊሽካው ሲነፋ ሩቂያ ክርኗን ያዘቻት።

«ሂጂ።»

«የት?»

«ከእነሱ ጋር። በፊሽካ የማይንቀሳቀስ ሰው እዚህ ይሳቅበታል። ስቀውብሽ ደግሞ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ሳሮን ከሴቶቹ ጋር አገላበጠች፣ ተራመደች፣ ተመልሳ ጻፈች። ፊሽካ ሲነፋ ደግማ ሄደች። ወደ ማታ እግሯን በእጇ መታ መታ አደረገችው፤ አልደነዘዘም። የአንድ ቀን ነገር ማስረጃ አይሆንም ብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። አሁንም አልደነዘዘም።

«ለምንድነው እንዲህ ቶሎ ቶሎ የምታገላብጡት?» አለቻት ሩቂያን።

«ካልተገላበጠ ከሥሩ ይሻግታላ። ከላይ ስታይው ደህና ነው፤ እጅሽን ስትሰጂበት ነው የምታገኚው።»

ሳሮን ወፍራሙ ትራስ ትዝ አላት። አጥሩ ሥር ወደተጣለ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ አልጋ ጠቆመች።

«ያስ?»

«ለማገዶ ነው።»

«ለእኔ ስጪኝ።»

«ልትተኚበት?»

«ልጽፍበት።»

ሩቂያ ጥበቃው እስኪነቃ ሳቀች። ግን ለጠረጴዛ የሚበቃ ቁራጭ አስቆርጣላት፣ ለሚኒባሱ ጣራ የሚሆን ገመድም ሰጠቻት። ይርጋጨፌ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ጭነቱን አይቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አለ።

«ለመጽሐፍ ነው» አለች። ረዳቱ ከዚያ በኋላ እስከ ዲላ ምንም አልጠየቃትም።

ቤቷ ስትደርስ እጇን አጥፋ ከወለል እስከ ክርኗ ያለውን በሜትር ለካች። የአልጋውን እግሮች በብሎኬት እያነሣች ከዚያ ልኬት ጋር አስተካከለች። ወንፊቱ ላይ ጣውላ አጋደመች። አንገቷ እንዳይጎብጥ ኮምፒውተሩን በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ አወጣችው፤ ሌላ መጻፊያ ሰሌዳ ሰክታ ከሥር አደረገች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆማ መጻፍ ጀመረች። መሸ፣ አልተቀመጠችም። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃታት። ስልክ ደወለች።

«ሩቂያ፣ አልጋሽ ገደለኝ።»

«ስንት ሰዓት ቆምሽ?»

«ከቀትር እስከ ማታ።»

«እኛ ቀትር ላይ ምን እንደምናደርግ አላየሽም?»

ሳሮን አሰበች። አይታ ነበር፤ እንዲያውም ማስታወሻ ይዛበታለች። ፀሐይ ሲበረታ ሴቶቹ ቡናውን በሸራ አልብሰው ጥላ ሥር ገብተው ይቀመጣሉ።

«ታለብሱታላችሁ።»

«ያለ ሸራ የዋለ ቡና ገለባው ይሰነጠቃል። ግማሹን ወስደሽ ግማሹን ተውሽው። በይ አሁን ተኚ፣ እኔ ሥራ አለኝ።»

ተኛች። ስትነሣ ትራሱን አንሥታ ወንበሩን ከመጻፊያ አልጋዋ አጠገብ መለሰችው። ቆማ ትጽፋለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች፤ ከሦስቱ አንዱም አይበዛም። ፊሽካ የሚነፋላት ስለሌለ የውኃውን ጄሪካን ግቢው መጨረሻ ካለው አቮካዶ ሥር አኖረችና ትልቁን ብርጭቆዋን በትንሽ የሻይ ብርጭቆ ቀየረች። ሰዓት አልሰማ የምትለዋ ሴት ጥማትን ትሰማለች። ቢሮ ውስጥ በስልክ ስታወራ ተረከዟን እያነሣች ታወርዳለች፤ ባልደረቦቿ መጀመሪያ ተጠቃቀሱ፣ በኋላ ሁለቱ አብረዋት ጀመሩ። ማታ ባጃጁን ትታ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ታርፍ ነበር። የገና በዓል ሲደርስ አንዴ ታርፍ ጀመር። ከጥምቀት በኋላ የምታርፍበትን ድንጋይ ማለፏን ያወቀችው ቤቷ ስትገባ ነው።

ድምፅዋን ደግሞ በግቢው ርዝመት እየተመላለሰች ታለማምድ ነበር። ጎረቤቷ ፍሬ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሳሮን፣ ለማን ነው እንዲህ የምትጸልዪው?»

«በታሪኩ ውስጥ ላለች አንዲት እናት ነው።»

«አሜን» አለች ፍሬ፤ ግን አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስታሰጣ ታዳምጣለች። አንድ ቀን፣ «ያቺ ሴትዮ በር ላይ ከቆመች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አትገባም እንዴ?» አለቻት። ሳሮን ገብታ አንድ ሙሉ ገጽ ቆረጠች።

በየካቲት ጉባኤው ሲሰበሰብ ሩቂያና ፍሬ ከፊት ተቀመጡ። ጋሼ ገብረኪዳን ቃላቸውን ጠብቀው ባለ መደገፊያውን ወንበር ከሳሮን ጎን አኖሩ። ለመረከብ ዝግጁ ሆነውም መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳው ሥር ቆሙ።

ሳሮን ጀመረች። አምና ያቆመችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትለውጠው ትታ ነበርና አወቀችው። ቀኝ እግሯ ላይ ያ የምታውቀው መደንዘዝ መጣ። ተረከዟን አነሣች፣ አወረደች። ገጹን ስትገልጥ እንደ አልጋዎቹ መሐል ጥቂት ወደ ግራ ሄደች፤ የሚቀጥለውን ስትገልጥ ወደ ቀኝ ተመለሰች። መደንዘዙ ተዋት።

ባርኮት የሚባለው የማኅበሩ ጸሐፊ ወደ ጋሼ ገብረኪዳን ጠጋ ብሎ፣ «መራመድ ይፈቀዳል?» ሲል ተሰማ።

«ሕጉ የሚለው ቆሞ ነው፤ ተተክሎ አይልም። ዝም በል፣ እንስማበት።»

እናትየው በሩ ላይ ደረሰች። ፍሬ ቃሉን ስለምታውቀው ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እናትየው ገባች፤ ወሬውን ሰማች፤ ያልተገላበጠውን ቡና አይታ እጇን ሰደደችበትና ማገላበጥ ጀመረች። ሳሮን ይህን በቀስታ አነበበችው። የሳቀ የለም።

ገና አራት ገጽ ሲቀር የወንበር ሲጥ ማለት ተሰማ። ጋሼ ገብረኪዳን እግራቸው ዝሎ ለሳሮን ባስቀመጡት ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱት። ሳሮን አየቻቸው፤ ፈገግ ሳትል ለማለፍ ገጹን ቶሎ ገለጠች።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ጋሼ ገብረኪዳንም መደገፊያውን ይዘው ተነሡና ከሁሉ አስረዝመው አጨበጨቡ።

«ሳሮንዬ፣ ቆመሽ ትጽፊበታለሽ የሚሉትን ዕቃ የት ነው ያሠራሽው?» አሏት በጆሮዋ።

«ዱመርሶ፤ ለማገዶ ከጣሉት።»

«በይ ለእኔም አንድ አስመጪልኝ።»

ሩቂያ ሰዓቱን በስልኳ ይዛ ነበር። አምና አሥራ አንድ ደቂቃ የነበረው ዘንድሮ አርባ ሰባት ደቂቃ ሆነ።