ጋሼ ፒንሳ ፊት የማይበራው መብራት

ሰው ፊት ጨዋ የሚሆን መብራት ነበር። ሹፌሩ ብቻውን ሲነዳ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የዘይት ጣሳ ምልክት ብልጭ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፤ መንገዱ ሲያንገራግጭ መልሶ ይበራል። ሰሞኑንማ ብሶበት ነበር። ጋራዥ ሲደርስ ግን ወፍ የለም።

መካኒኩ ጋሼ ፒንሳ ናቸው፤ የሟች ሚስቱ ታላቅ ወንድም። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁማ! መኪናውን ሦስት ጊዜ አይተውታል። የዘይቱን ግፊት ለኩ፤ ደህና ነው። ሴንሰሩን ቀየሩ፤ አምፖሉን ሳይቀር ቀየሩ። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር ደጅ ላይ ጠብቀው በጎን በር ይገቡና ከአጠገቡ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ተክለው ሰፈሩን ያዞሩታል። መብራቱ እቴ! መኪናው ያረጀ ስለሆነ ኮምፒውተር ቢሰኩበት የሚናገረው ነገር የለም። ያለው የሹፌሩ ቃል ብቻ ነው።

የሹፌሩ ቃል ደግሞ ከአራት ወር ወዲህ የሚያምነው አጥቷል። ሚስቱን ሲቀብር አላለቀሰም፤ ከዚያም በኋላ አላለቀሰም። ሲያጽናኑት «እሺ» ይላል፤ ብላ ሲሉት ይበላል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል። ዘመድ አዝማድ በሹክሹክታ «ሰውዬው ደንዝዟል» ይላል። አልተሳሳቱም።

ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ጋሼ ፒንሳ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቁርጡን ነገሩት።

«ስማኝ ወንድሜ። ያላየሁትን መብራት መጠገን አልችልም። እኔ እንደሚመስለኝ መብራቱ ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰው ሲያዝን ይደርስበታል፤ አያሳፍርም። ዛሬ ብቻዬን ነድቼ አየዋለሁ። ካልበራ ቁልፉ እኔ ጋ ይቀራል፤ መኪናውም ይሸጣል። አንተንም ገደል ገብተህ ከምንለቅምህ ይሻላል።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

እሺ! አሥራ አንድ ዓመት የሰው ዕቃ ያመላለሱበትን፣ እሱ መሪውን ይዞ እሷ ከጎኑ ሆና ደንበኛ በስልክ የምታነጋግርበትን፣ እሷ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ብቻውን ነድቶት የማያውቀውን መኪና ክብሪት አውሰን እንደተባለ ሰው አሳልፎ ሰጠ። መናደድ እንደነበረበት ያውቃል። ንዴቱ ግን አልመጣም። አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰውን ዘይት ሲያይ ቆየ።

መኪናው ተመልሶ መጣ። ጋሼ ፒንሳ ሞተሩን ሳያጠፉ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ና እስቲ» አሉት። ድምፃቸው ልስልስ ብሏል። «በርቷል።»

ሹፌሩ በጎን በር ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቀዩ ጣሳ ጠፋ።

«ውረድ» አሉት። ወረደ። በራ።

«እስቲ ውጣ።» ጠፋ።

ጋሼ ፒንሳ አስወረዱትና ከግድግዳው ሥር አንድ ጎማ ከነቸርኬው አንከባለው አምጥተው እያቃሰቱ ባዶው ወንበር ላይ ጫኑት። መብራቱ ጠፋ። አወረዱት፤ በራ።

ሞተሩን አጥፍተው ወንበሩን ፈቱት። ሹፌሩ የእጅ ባትሪ ያዘላቸው። የሴንሰሩ ሽቦ በወንበሩ ሥር ሲያልፍ ከስፕሪንጉ ጋር ተጠላልፎ ላዩ ተልጧል። ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ሽቦውን ይዞ ዝቅ ይላል፤ መብራቱም አይበራም። ሰው ከሌለ ስፕሪንጉ ቀና ይልና የተላጠውን ሽቦ ከብረቱ ጋር ያነካካዋል።

«ይሄ የአራት ወር ነገር አይደለም» አሉ ጋሼ ፒንሳ አቧራውን በጣታቸው እየጠረጉ። «ከተላጠ ዓመታት ሆኖታል።»

«ታዲያ ከአራት ወር በፊት ለምን አልበራም?»

«ያኔማ ይሄ ወንበር መች ባዶ ሆኖ ያውቃል . . .» አሉና ቀና ብለው አዩት። ፒንሳው ከእጃቸው ወደቀ፤ ግንባራቸውን የጋቢናው ደፍ ላይ ደፍተው «እህቴን! ወይኔ እህቴን!» እያሉ ቅጥ ባጣ ድምፅ አለቀሱ። በመካከሉ «ይቅር በለኝ፣ ሰውዬው ጨርቁን ጥሏል ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼብሃለሁ» አሉት።

«ምንም አይደል ጋሼ» አለ።

የእጅ ባትሪውን ሽቦው ላይ እንዳበራ ቆሟል። አላበደም፤ ቁልፉ ይመለስለታል፤ መኪናው አይሸጥም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የትልቁን ሰውዬ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ሲያይ ግን፣ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማው። ቅናት ነበር። እንደዚያ ማልቀስ በመቻላቸው ክፉኛ ቀናባቸው።