ሁለተኛ ያልተጠየቀ

«እሱ ከተቀመጠ እኔ እነሳለሁ!» አለች የሟች ሚስት፣ የባሏን ታናሽ ወንድም እየገላመጠች።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በጠባቧ ሳሎን ለቀስተኛው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ወንድምየው ተነስቶ በሩ ጋ ቆመ።

«ተይ ልጄ፣ ደሙ እኮ ነው» አሉ ጎረቤቷ አሮጊት፣ በሹክሹክታ።

«ደሙ ስለሆነማ ነው የሚያንገበግበኝ!»

ሟች ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነበር። አማቾቹ ቤት ሦስቴ ካልተለመነ አይጎርስም፤ አንድ ቀን አማቱ ረስተው ሁለቴ ብቻ ቢለምኑት ጦሙን አደረና ለሳምንት መሳቂያ ሆነ። አገር ሲቀይር ይህም አመሉ አብሮት ተሰደደ። ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ የሥጋ ካርቶን ሲሸከም ደረቱን ውጋት ያዘው። አለቃው «ቤትህ መሄድ ትፈልጋለህ?» ብሎ አብሮት በሚሠራው ታናሽ ወንድሙ አስተርጓሚነት ጠየቀው።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አለ፣ እንደ ወጉ።

እዚህ አገር ግን አንዴ ነው የሚጠየቀው። እዚህ ስድስት ዓመት የኖረው ወንድሙ ይህን ያውቃል፤ የሟችንም አመል ያውቃል። ቢሆንም ቃሉን ሳያዛንፍ አስተረጎመ፤ አለቃው አመስግኖ ሄደ። ሟች ካርቶኑን እንዳነሳ ወደቀ። ይህን ሁሉ እያለቀሰ የነገራት ራሱ ወንድምየው ነው።

ሬሳው ዛሬም የሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሚስትየው የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገሩ እንዲገባ።

ከሰዓት በኋላ አለቃው መጣ። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም። መሃል ወለሉ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ ነው የሚለው» አለ ወንድምየው፣ ከበሩ።

«ምንም አልፈልግም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በለው።» እየጠላችው እንኳ ወጉ ካፏ አልጠፋም።

ወንድምየው ይህንኑ ነገረው። አለቃው አንገቱን ነቅንቆ ወደ በሩ ሲያመራ ግን ወንድምየው እጅጌውን ያዘውና ብዙ አወራው። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ተመለሰ፤ ያንኑ ጥያቄ ደገመ።

«ምን አልከው?» አለች።

«እኛ ዘንድ የመጀመሪያው አይቆጠርም፣ ድገማት አልኩት።»

ብድግ ብላ ደረቱን በጡጫ መታችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያኔስ? ያኔስ አፍህ የት ነበር?»

ወንድምየው እጁን አላነሳም። አለቃው ቆሞ ይጠብቃል። እሷ የወንድምየውን ሸሚዝ ጨብጣ ታለቅሳለች።

«አገሩ ይግባ በለው። እናቱ ትቅበረው በለው።»

አስተርጉሞ እስኪጨርስ ሸሚዙን አልለቀቀችም።