የእትዬ እልፍነሽ ጧሪዎች

እትዬ እልፍነሽ ምግብ እንቢ ያሉት ቤታቸውን ለእኛ ከተናዘዙ ብዙም ሳይቆዩ ነው። እኔ መጀመሪያ የሆድ ሕመም መስሎኝ አጥሚት አፈላሁላቸው። ኩባያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ቅመሺው» አሉኝ።

ቀመስኩት። ጉሮሮዬን እያዩ «ዋጪው» አሉ። ዋጥኩት።

«መርዘኛ ማርከሻውን አስቀድሞ ጠጥቶ ነው የሚቀምሰው» ብለው ተከናንበው ተኙ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እትዬ እልፍነሽ የባሌ የኪዳነወልድ አጎት ሚስት ናቸው። ባላቸው ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ ሲሞቱ ሸዋ በር አጠገብ ያለውን ይህን የድንጋይ ቤት ተዉላቸው፣ ልጅ ግን አልተዉላቸውም። እርጅና ሲጫናቸው የነፍስ አባታቸውን መምሬ ተክለጻድቅንና ሽማግሌዎችን ሰብስበው፣ «እስክሞት የጦረኝ፣ ስሞት የቀበረኝ፣ ተዝካሬን ያወጣ ቤቴን ይውሰድ» አሉ። የገዛ ወንድማቸው ልጅ እንደሻው «እኔ አሮጊት አላጥብም» ብሎ ሄደ። እኛ እሺ አልን። የኪራይ ቤታችንን ለቀን ገባን፤ ባሌም ለማሩ፣ ለቅቤውና ለመድኃኒቱ የሚሆን ገንዘብ ሊያገኝ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሊያራግፍ ወረደ። ማንሳቱ፣ ማጠቡና ማገላበጡ ለእኔ ቀረ።

ታዲያ ይህን ፍርሃት ከየት አመጡት? ከራሳቸው አፍ! አምና ጎረቤታችን ሰገነት ከባሏ ጋር ሆና አቶ ሳህሉ የሚባሉ ሽማግሌ እንዲሁ ትጦር ነበር። ሰውየው ቤቱን በተናዘዙ በወራት ውስጥ ሞቱ። «ሰገነት አብልታ ገደለቻቸው» የሚለውን ወሬ ሸዋ በርን ያዳረሱት ሌላ ማንም ሳይሆን እትዬ እልፍነሽ ናቸው። ማርከሻ የሚሉትንም ጨምረው ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ተራው የእሳቸው ሆነና በገዛ ወሬያቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር።

እሳቸው መርዝ ፈሩ፤ እኔ ደግሞ ሰንሰለት። የሰገነትን ባል ከከሳሹ ከሟቹ ወንድም ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ሲያቆራኟቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ዳኛው እስኪፈርድ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ ሜዳም አብረው ወጡ። ነጻ ነህ ቢባልም ሰውየው ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ መሄድ አቃተው፤ ሚስቱን ይዞ ከተማውን ጥሎ ጠፋ። እትዬ እልፍነሽ በረሃብ ቢሞቱብኝ እንቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ኪዳነወልድ ከማን ጋር እንደሚቆራኝም አውቃለሁ፤ ከእንደሻው ጋር ነው።

ጨንቆኝ ጀጎል ግንብ ውስጥ ወደምትኖረው ወዳጄ ወደ ፈሂማ ሮጥኩ። ከነልጣጩ ሙዝ ይዛ መጣች። እትዬ እልፍነሽ ሙዙን አገላብጠው ቀዳዳ ፈለጉ፣ አጡና በሉ። እፎይ አልኩ። በማግስቱ ግን ፈሂማ ባዶ እጇን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ወላሂ ጽጌሬዳ፣ ፈራሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንድ ነገር ቢሆኑ የእስላሟ ሙዝ ነው ይሉኛል። አላህ ያውቃል እወድሻለሁ፤ ግን ልጆች አሉኝ።»

አልተቀየምኳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እቀር ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደሻው መጣ። አክስቱን ጠይቆ የማያውቅ ሰው ሁለት ምስክር አስከትሎ ገባ። የከሳውን ክንዳቸውን አንስቶ ለሰዎቹ አሳየ።

«እዩልኝ፤ ቤቱን ከሰጡ ወዲህ እንዲህ ሆኑ» አለ።

እትዬ እልፍነሽ «እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ምን ነበረበት! ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ግን ፍርሃቱ ባሰብኝ። እንደሻው እንደወጣ መምሬ ተክለጻድቅ ዘንድ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ይዘውልኝ እንዲመጡ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ቤቱን መልሻለሁ» አልኩ ሁሉም በተሰበሰቡበት። «እትዬ ለፈለጉት ይስጡት።»

«ባልሽ ሳይሰማ?» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ እሱ በሰንሰለት ከሚታሰር እኔን ቢቆጣኝ ይሻላል።»

እትዬ እልፍነሽ ተቀብያለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። አጥሚቱን አሙቄ ሰጠኋቸው። ቅመሺው አላሉኝም፤ አንጠፍጥፈው ጠጡና ድገሚኝ አሉ። ደስታው ልቤን ሞላውና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ኩባያውን ላነሳ ጎንበስ ስል ቀሚሴን ጨመደዱት።

«ነገ ትሄጃለሽ?»

«የት እሄዳለሁ እትዬ?»

«እንግዲህ የሚይዝሽ የለማ! ማን ያነሳኛል? ማን ያጥበኛል?» እንዲህ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ሩቅ አልሄዱም፤ ጥሪያቸው። ቤቱን መልሼ ልስጥሽ።»

«አልፈልግም። ቤቱም ይቅርብኝ፣ እርስዎንም አልተውዎትም።»

«ለምን?» አሉኝ።

ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። ያለ ቤት፣ ያለ መሬት ሰው የጦረ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁም። ምክንያት ሳልሰጣቸው «አጥሚቱን ልድገምዎት» ብዬ ኩባያውን ላነሳ ስል፣ ቀሚሴን ይብስ አጥብቀው ያዙት።