ላፌቦ የሚሉት

አበራ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ሆሳዕና ውስጥ ታሪክ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሚስቱ አርፋለች፤ ልጆቹም እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ገብተው ቀርተዋል። ቤቱ ውስጥ ከሬዲዮ በቀር የሚያወራ የለም።

ያን ሐሙስ ትምህርቱ አውሮፓውያን አሜሪካን እንዴት እንደያዙ ነበር። ይህ ምዕራፍ ሲደርስ አበራን ብስጭት ያደርገዋል።

"ኮሎምበስ ህንድ የደረሰ መሰለው" አለ ጠመኔውን በጣቶቹ እያሽከረከረ። "ስለዚህ ያገኛቸውን ሰዎች 'ህንዶች' አላቸው። ስህተቱ ከታወቀ በኋላም ስሙን የሚያርም አልተገኘም። መሬታቸውን ወሰዱ፤ ወርቅ እያስቆፈሩ ጉልበታቸውን ጨረሱት፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ፈንጣጣ ደግሞ መንደር መንደሩን ባዶ አደረገው። ኋላም የልጅ ልጆቻቸውን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብተው፣ ፀጉራቸውን ቆርጠው፣ አዲስ ስም ሰጧቸው።"

ከፊት የምትቀመጠው ሐዳሳ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እነሱ ራሳቸውን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?"

"ብዙ ሕዝቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ኮሎምበስ መጀመሪያ ያገኛቸው ታይኖ ይባላሉ።"

"ታዲያ ስማችን ይሄ ነው ቢሉትስ?"

"ብለው ይሆናል፣ የኔ ልጅ። ማን ሰማቸው?" አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ብስጭቱ ከታይኖም ያለፈ ነበር። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ላፌቦ ነው። በተወለደባት በጊምቢቹ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት፣ ከሩቅ አገር የመጣው አስተማሪ ስሙ ለአፉ አልመች ሲለው "አንተ ከዛሬ ጀምሮ አበራ ነህ" ብሎ መዘገበው። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ውለታ የዋለ መስሎት ነበር። በዚያን ጊዜ ስንቱ ሕፃን ስሙን በር ላይ ጥሎ ክፍል ገብቷል። ሚስቱ እንኳ አበራ ስትለው ኖራ አበራ እንዳለችው ሞተች። ላፌቦ የሚሉት ወላጆቹና ወንድሞቹ ነበሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ አለቁ። የቀረችው ታላቅ እህቱ ገነቴ ብቻ ናት። ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ጊምቢቹ የሚሄደው። ሰው እህቱን ሊጠይቅ ነው ይላል፤ እሱ ግን የሚሄደው ስሙን ሊሰማ ነው።

ገነቴ ሰሞኑን መርሳት ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ ፊቱን እያየች ብዙ ቆይታ፣ በመጨረሻ "ላፌቦ፣ ከሳህ እኮ" ስትለው ነፍሱ መለስ አለች።

በዚህኛው ቅዳሜ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ አንድ ሐሳብ አልለቀው አለ። ብትረሳውስ? እሷ ከረሳችው ላፌቦ የሚባል ሰው በምድር ላይ እንደሌለ ቁጠረው።

በር ላይ የተቀበለችው ጵርስቅላ ናት፤ ከሺንሺቾ በቅርቡ ተድራ የመጣች የገነቴ ምራት። ፊቷ በደስታ በርቷል።

"ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ባለፈው እማማ በሌላ ሰው ስም ሲጠሩዎት በጣም ደነገጥኩ፤ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ላፌቦ አሉዎት። ሳምንቱን ሙሉ ፎቶዎን እያሳየሁ ሳለማምዳቸው ከረምኩ።"

አበራ ምን ይበላት? ልጅቷ የደከመችው ለእሱ ብላ ነው። "ጌታ ይባርክሽ" አላት።

ገነቴ ከእንሰቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብሎ በሀዲይኛ ሰላም አላትና እጇን ያዘ። ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ማን ናቸው እማማ? ንገሯቸው እስቲ" አለች ጵርስቅላ ከኋላው።

የአሮጊቷ ፊት ፈካ። ጥያቄ እንደመለሰ ተማሪ ኮራ ብላ፣ "አበራ" አለች።

ጵርስቅላ አጨበጨበች። እሱ "እትዬ፣ ላፌቦ እኮ ነኝ" ሊል አፉን ከፈተ። እህቱ ግን ማስታወሷ ደስ ብሏት፣ ልክ ነኝ ወይ በሚል ዓይን ቀና ብላ ታየው ነበር።

"አቤት" አላት።