ከውስጥ የተከፈተ በር

«ሰው ናፍቆት ነው የሞተው እንጂ በሽታውስ ትንሽ በታገሠው ነበር» አለች ጎረቤት፣ ሻይዋን እፍ እያለች። ሐሜት ለቅሶ ቤት ሲገባ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አይቀርም።

«ሚስቱ በሩን ጠርቅማበት! የእናቱ ልጅ እንኳ በመስኮት አይደል ያየችው?» አለች ሌላዋ። ከዚያም ወደ ሟቹ ታላቅ እህት ዞር ብላ «አይደለም እንዴ እትዬ?» ስትል ጠየቀች።

ልብስ ሰፊዋ እህት አንገቷን ደፋች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወንድሟ አናጺ ነበር። የሰፈሩ በር ግማሹ ከእጁ የወጣ ነው። ወገቡን ሲያመው «የእንጨቱን ዕዳ ወገቤ እየከፈለ ነው» ብሎ ሲቀልድ ከረመ፤ ኋላ ግን አጥንቱ ያለ ምንም ምክንያት ተሰነጠቀ። ሐኪሟ ሚስቱንና እህቱን አስቀምጣ አስረዳቻቸው። መቅኒ ውስጥ በሽታ መከላከያ የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። ከእነሱ አንዱ ተበላሽቶ ራሱን ማባዛት ጀመረ። ሌሎቹ የሰውነት ዘቦች ለዓመታት፣ ባለቤቱ እንኳ ሳያውቅ፣ አፍነው ይዘውት ኖረዋል። በመጨረሻ እነሱ ደከሙ፤ የተበላሸውም ሕዋስ ከዓይናቸው መሰወሩን ለመደና ቦታቸውን ያዘባቸው። «አሁን ሰውነቱ ጠባቂ የለውም። ለእኛ ጉንፋን የሆነው እሱን ሊገድለው ይችላል» አለች ሐኪሟ።

ሚስት የመጨረሻውን ቃል ይዛ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ዘጋች፤ እጀታውን ሳይቀር በአልኮል ጨርቅ ትወለውል ጀመር። እህት ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ ወጣች፦ ጠላቱ የገዛ ዘቡ ነው፣ ያለው ከውስጥ ነው። ታዲያ ከውጭ የምንመጣው ምን አጠፋን? «ከሥጋዬ ለየችኝ» እያለች በየቤቱ ሚስቱን ያማችው እሷው ነበረች። ዛሬ ሴቶቹ የሚያላምጡት ወሬ ከእሷ የወጣ ነው።

አንድ ቀን ሚስት መድኃኒት ቤት ሄዳ ሳለ እህት እንደ ልማዷ በመስኮቱ ልታየው መጣች። በሩን ከውስጥ የከፈተላት እሱ ነው።

«ግቢ እትዬ! ሌባው ራሱ ዘበኛው ሆኖ ሳለ በር መዝጋት ምን ይረባል?» ብሎ ሳቀ። ከመክሳቱ የተነሣ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ልታቅፈው ስትል ሳል ቀደማት።

«ጉንፋን ነው እንዴ?»

«የጨርቅ ብናኝ ነው» አለችው።

ብናኝ አለመሆኑን ጉሮሮዋ ሲነግራት ነው ያደረው። ግን ናፍቋት ነበር። አቀፈችው፣ ጉንጮቹን እያገላበጠች ሳመችው። ሳምንት ሳይሞላ ሳንባው ታመመ። ሚስቱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «ከየት መጣበት? ምኑን ሳልጠርግ ቀረሁ?» እያለች ስትንገበገብ፣ እህት አጠገቧ ቆማ ግድግዳውን ታይ ነበር።

አሁን ሚስት ሻይ ልትደግማቸው መጥታ ኖሮ የሚባለውን ሁሉ ሰምታለች።

«እውነታችሁን ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳያቅፈው ነው የሄደው። እሱ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።»

እህት ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አቅፌዋለሁ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መድኃኒት ልታመጪ የሄድሽ ቀን። አሞኝ ነበር። ሲጠይቀኝ የጨርቅ ብናኝ ነው ብዬ ዋሸሁት።»

ጎረቤቶቹ ሻያቸውን አስቀመጡ። ሚስት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወደ እሷ ቀረበች።

«ሳቀ?» አለች።

«ሳቀ።»

በዚህ መሃል አንድ ለቀስተኛ በሩን ከፍቶ ገባ። የሚስት እጅ ለምዶበት ከኪሷ የአልኮሉን ጨርቅ አወጣ፤ ከዚያ ከበሽታ የምትጠብቀው ሰው እንደሌለ ትዝ ብሏት መሃል ቤት ቀጥ አለች።

እህት ተነሥታ ጨርቁን ከእጇ ወሰደች። ሰው ሁሉ እያያት በሩ ሥር ተንበረከከችና ወንድሟ የገጠመውን እጀታ መወልወል ጀመረች።